በሶና ቋንጣ፦ ከጊንጪ እስከ አምቦ በእግር

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለደብረ ብርሃን ጡረተኛ ጓደኞቼ ነው። ወደ ጭልሞ ጫካ እንደማትሄዱ አውቃለሁ። አንዳችሁ ጉልበቱን፣ አንዳችሁ የልጅ ልጁን፣ አንዳችሁ ደግሞ የቤቱን ውሻ ምክንያት ያደርጋል። ስለዚህ ቁጭ በሉና እኔ ልሂድላችሁ።

ጉዞው ከኮሮና በፊት በነበረው ዓመት፣ በዓቢይ ጾም አጋማሽ ነው። ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በጾም፣ አብረን ወደ አንኮበር መንገድ ስንወጣ ዐይኔ ጨልሞ መሬት ላይ መዘርጋቴን ታስታውሳላችሁ። እናንተ ውሃ ረጭታችሁ አነሳችሁኝና ስትስቁብኝ ከረማችሁ። ልጄ ሕይወት ግን አልሳቀችም። «እማዬ፣ ሁለተኛ ብትወድቂ ከሁለት አንዱን ትተያለሽ፤ ወይ ጾሙን፣ ወይ መንገዱን» አለችና ቃል አስገባችኝ። ቃል ገባሁ። ጾሙን ብተው ያስተማረችኝን እናቴን ዳግመኛ የምቀብራት ይመስለኛል። መንገዱን ብተው ደግሞ፣ ሠላሳ ዓመት ስፖርት ያስተማርኩ ሴት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከደጃፍ ወንበር የማልነሳ አሮጊት እንደምሆን አውቃለሁ። ሁለቱንም ፈራሁ፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ከሰፈራችን አልራቅኩም።

ከዚያ ጫልቱ ደወለች። ጫልቱ እኛ ጤና ጣቢያ ስትሠራ ጎረቤቴ የነበረችው ነርስ ናት፤ ጡረታ ወጥታ አገሯ አምቦ ገብታለች። «ነይ፤ ከጊንጪ ተነስተን በጭልሞ በኩል አምቦ እናስገባሽ። ስንቅሽን ያዢ» አለችኝ። «ጾም ነው እኮ» ስላት «እግርሽም ይጾማል?» ብላ ዘጋችው።

የመጀመሪያው ቀን

ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ በአዲስ አበባ በኩል ከሰዓት በኋላ ጊንጪ ገባሁ። መንገዱን አልተርክላችሁም፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ትከሻዬ ላይ ተኝተው ስለነበር ያየሁት የሳቸውን ኮፍያ ነው። ከሆለታ ወዲህ ግን ቀና ስል የጤፍ ማሳው ጥቁር አፈር ዐይኔን ያዘው። የኛ አፈር ከዚህ ጋር ሲተያይ አመድ ነው።

ጫልቱ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አልጋ ቤት ገብተን መጀመሪያ ያደረግነው ስንቃችንን አልጋ ላይ መዘርገፍ ነው። እኔ፦ ሦስት ኪሎ በሶ፣ አንድ ላስቲክ የሽምብራ ቆሎ፣ ስኳር። እሷ፦ ቋንጣ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በቅቤ የራሰ ቂጣ። ጫልቱ ጴንጤ ናት፤ ጾማችን አይመለከታትም። የሷ ቦርሳ ትራስ ያክላል፤ የኔ ድንጋይ የተሞላ ይመስላል።

«ይሄን ሁሉ ዱቄት ተሸክመሽ ልትወጪ ነው?» አለች ቦርሳዬን በአንድ እጇ እየመዘነች። «ቋንጣ እይ፤ ውሃው ወጥቶ ጉልበቱ ብቻ የቀረ ነገር ነው።»

«ጨው ነው የቀረው» አልኳት። «አንድ ቁራጭ በልተሽ አንድ ወንዝ ትጠጫለሽ።»

«በሶስ ያለ ውሃ ይበላል?»

እዚህ ላይ ረታችኝ። ቀጥላ እንደ ሐኪም ጠየቀችኝ። «ያኔ ስትወድቂ ጠዋት ምን በልተሽ ነበር?»

«ሻይ በዳቦ።»

«እና ጾሙ ምን አደረገ? የጣለሽ ሻይ በዳቦ ነው።» ከዚያ ሽምብራዬን ዘግና ገብሱ ላይ አስቀመጠችና አስረዳችኝ። የሥጋና የእንቁላል ፕሮቲን ሙሉ ነው፤ የገብስ ብቻውን ጎዶሎ ነው፤ ሽምብራው ግን ገብሱ የጎደለውን ይሞላለታል። ዋናው ነገር በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መብላት ነው። ነፍስ አባቴ ለመንገዱ ሲሉ ሰዓቱን ፈቅደውልኛል፤ የፍስክ ነገር ግን ቀልድ የለም ብለውኛል። ይህን ስነግራት «ደግ አባት ናቸው» አለችና ከሽምብራዬ አንድ እፍኝ ቃመች።

ማታ የበላነው ሽሮ ነው፤ እሷም አብራኝ በላች።

ሁለተኛው ቀን

ስለ ጫካው ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። እኛ ጫካ የምንለው የባሕር ዛፍ ተክል ነው፤ በመስመር የተሰለፈ፣ ከሥሩ ሣር የማይበቅልበት፣ ለአጣና የሚጠብቅ። ጭልሞ ገብቼ የመጀመሪያውን ዝግባ ሳይ ቆምኩ። ግንዱን ለማቀፍ ሞከርኩ፤ እጆቼ አልተገናኙም። ጫልቱ በዚያ በኩል መጥታ አቀፈችው፤ የሁለታችን ጣቶች በጭንቅ ተነካኩ። ቀና ስል ጫፉ አይታይም። ሳላስበው ነጠላዬን አጣፋሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የደረስኩ ነው የመሰለኝ።

ጥዱ፣ ወይራው፣ ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለው የሽማግሌ ጢም የመሰለ የዛፍ ሽበት… ጫልቱ «ምንድነው ዛሬ ዝም ያልሽው?» ትለኛለች። ጉሬዛዎች አየን፤ ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ለብሰው ከዛፍ ዛፍ ሲወረወሩ። ሠላሳ ዓመት ልጆችን ዝለሉ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዝላይ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ምን እንዳስለቀሰኝ አልነግራችሁም፤ አላውቀውም።

ስንቁን በተመለከተ ያን ቀን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። በየመንደሩ ያለ ውሻ የጫልቱን ቋንጣ አሽትቶ ይከተላታል፤ እኔን ግን ዞሮም አያየኝም። አንዱ ቡችላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አጅቧት ሄደ። ጫልቱ ደግሞ የራሷን ትታ የኔን ሽምብራ ስትቅም ዋለች፤ ወደ ማታ ላስቲኩን ሳየው የቀረው ከሁለት እፍኝ አይበልጥም።

አመሻሹ ላይ የጫልቱ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆች ቤት ደረስን፤ ከጫካው ዳር፣ የኦቦ ፈይሳና የባለቤታቸው የአዴ ሌሊሴ ቤት። ኦቦ ፈይሳ ገበሬ ናቸው፤ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ። አዴ ሌሊሴ በዕድሜ ከኔ ትንሽ ከፍ ይላሉ፤ ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ እሳቸው ናቸው።

«አካም ጅርቱ! ደህና ናችሁ? ግቡ፣ ግቡ፣ እግራችሁ አልቋል» እያሉ እጃችንን አስታጠቡንና ጩኮ አቀረቡ። ለማታውቁት፦ ጩኮ የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚቀርብ ምግብ ነው፤ የበሶ ሀብታም ወንድም በሉት። በእንጨት ገበታ ላይ ተከምሮ፣ ቅቤው እያብረቀረቀ፣ ኮረሪማው ቤቱን ሞልቶት። አፌ ውሃ ሞላ። እጄን ሰብሰብ አደረግኩ።

አዴ ሌሊሴ አዩኝ። «ጾመኛ ነሽ?»

«አዎ፣ አዴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን ይቅርታ አለው!» አሉ፤ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ለኔ ድንች ቀቅለው በጨውና በበርበሬ አቀረቡልኝ፤ ጥሩ ድንች ነበር። ከዚያ ነጠላቸውን ደርበው ወጡ። ሄዱ፤ ቀሩ። ከወጡ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ኦቦ ፈይሳና ጫልቱ በኦሮምኛ ሲጨዋወቱ እኔ ድንቹን ልጬ ጨርሼ በሩን አያለሁ። እውነቱን ልናገር፦ ተቀየምኩ። እኛ ጋ እንግዳ ጥሎ የሚወጣ ባለቤት የለም። ምግባቸውን አልበላ ስላልኩ ከፍቷቸው ይሆናል ብዬ ደመደምኩና በጊዜ ተኛሁ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ጫልቱ ከኦቦ ፈይሳ ጋር መንገዱን ልታይ ወደ ውጭ ወጥታለች። አዴ ሌሊሴ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ትንሽ ነገር ናት፤ መንገድ ላይ ብዪ» አሉ።

ከበደኝ። የማታው ጩኮ መሆኑን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ጾመኛ ነኝ ብዬዎት የለ?» ማለት ነበረብኝ። ግን እንዴት ይባላል? ማታ ምግባቸውን መልሼ፣ ጠዋት ስንቃቸውን ልመልስ? ይሉኝታ ያዘኝ። «ገለቶማ» አልኩ፤ የማውቀው የምስጋና ቃል እሱ ብቻ ነው። ቋጠሮውን ሳልፈታ፣ ቅቤው እንዳይነካብኝ በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ሥር አጋደምኩት። አምቦ ስንደርስ ለጫልቱ እሰጣታለሁ አልኩ በልቤ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዲት ወንዝ ደረስን። ወንዝ ስል፣ ዘለህ የምታልፋት ዓይነት ናት። የስፖርት አስተማሪ ነኝና ዘለልኩ። ድንጋዩ ግን ስፖርት አልተማረም። ቦርሳዬ አፉ ተከፍቶ ተገለበጠና በሶዬ በሙሉ ከነስኳሩ ውሃው ላይ ፈሰሰ። ወንዙ ለአፍታ ነጣ፤ ከዚያ የወንዙ ሆነ። ከውሃ ያወጣሁት የጨርቁን ቋጠሮ ነው፤ በላስቲክ ጠቅልዬው ስለነበር አልረጠበም። እንዴት እንዳናደደኝ! የሚበላው ሄዶ የማይበላው ተረፈ።

ጫልቱ ስቃ ስቃ ደከማት፤ ከዚያ ኮስተር አለች። «ምን ቀረሽ?»

«ሽምብራ።»

«ስንት?»

ኪሴን ዳበስኩ። አንድ እፍኝ። «ይበቃል» አልኳት።

አልበቃም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ አቀበት ጀመርን፤ ዛፍ የሌለው፣ ፀሐይ የሚጋግረው፣ ጫፍ ደረስኩ ስትሉ ሌላ ጫፍ የሚያሳያችሁ ዓይነት። ጫልቱ በየሰዓቱ ቋንጣዋን እያኘከች፣ በየሰዓቱ ውሃዋን እየጨለጠች ትወጣለች። ቋንጣው ላይ የተናገርኩትን ሁሉ በልቤ መልሼ ዋጥኩት። እግሬ መጀመሪያ ከበደ፣ ከዚያ የኔ አልሆን አለ። ጆሮዬ ጭው አለ። ይህን ስሜት አውቀዋለሁ፤ የአንኮበር መንገድ ስሜት ነው። ሳልወድቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ጫልቱ ተመልሳ መጣች። እጄን ይዛ የልብ ምቴን ለካች፤ ጓደኛዬ ሄዳ ነርሷ መጣች። ከዚያ አንድ ቁራጭ ቋንጣ እጄ ላይ አስቀመጠች። «ብዪ።»

«ጫልቱ…»

«ዘነበች፣ እዚህ ቤት የለም። ሰው የለም። ተሸክሜሽ አልወርድም፤ አልችልም። እንቁላልም አለ፣ ቂጣም አለ፤ የፈለግሽውን ብዪ። እግዚአብሔር ሐኪም አይደለም ያለሽ ማነው?»

ተሳስታለች አልልም። ቋንጣውን ያዝኩት። ሕይወትን አሰብኳት፤ ብወድቅ መንገዱ አበቃ፣ ብበላ ጾሙ አበቃ። እናቴን አሰብኳት፤ ወልዳ አራስ ሆና እንኳ ጾም አልፈታችም። አልዋሽም፤ ወደ አፌ አስጠግቼው ነበር። የጨው ሽታው አፍንጫዬ ገብቷል።

ጫልቱ በዚህ መሃል ስኳር ተርፎ እንደሆነ ብላ ቦርሳዬን ትበረብራለች። «ይሄ ምንድነው?»

«የአዴ ሌሊሴ ጩኮ ነው። ተዪው፤ ቅቤ ነው።»

«ቅቤ ነው ብሎ ማን ነገረሽ?» ቋጠሮውን ፈታችው። አሸተተች። ቆንጥራ ቀመሰች። ከዚያ ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። «አንቺ ሴትዮ! ይሄ ኑግ ነው!»

አየሁት። የማታው ጩኮ ወርቃማ ነበር፤ ይህ ጥቁር ነው። የተቆላ ኑግ ተወቅጦ፣ ከገብሱ ጋር ታሽቶ፣ በመሃሉ የተፈጨ የሽምብራ ቆሎ ገብቶበት፣ እንደ ሎሚ እየተድቦለቦለ ተደርድሯል። ቅቤ የሚባል የለበትም። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እየተራብኩ የተሸከምኩት የራሴን ምሳ ነው።

አንዱን ጎረስኩ። የኑጉ ቅባት ምላሴ ላይ ሲፈታ ዐይኔ ተገለጠ ብላችሁ ማጋነን አይደለም። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን በላሁ። ጫልቱ ቋንጣዋን ከእጄ ወስዳ በላችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተነሳሁ፤ ጉልበቴ የኔ ሆነ። ጫፉ ላይ ስንወጣ ምዕራብ ሸዋ ከእግራችን ሥር ተዘርግቶ ነበር፤ ማሳው በማሳ ላይ፣ የተራራው ጀርባ በተራራ ላይ፣ ሩቅ ደግሞ የአምቦ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲያበራ። ትልቅ ነበር። እኔ ግን የማየው ቋጠሮውን ነበር። ይህን ሁሉ አገር ከፈጠረው ይልቅ ያን ቀን ያስደነቀኝ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ድብልብል ያሸው እጅ ነው።

አራተኛው ቀን

አምቦ በጫልቱ ቤት አደርን። ጠዋት ፍልውሃ ገብቼ ያን አቀበት ከእግሬ አጠብኩ። ቀትር ላይ ጉደር ሄደን ፏፏቴውን አየን፤ ደረቅ ወራት ስለሆነ ቀጠን ብሎ ነበር፤ ጫልቱ እንደ ጥፋተኛ «ክረምት ብትመጪ» እያለች ይቅርታ ጠየቀችኝ። ያምራል፤ ፎቶውን አሳያችኋለሁ። እኔ ግን ገበያ ውስጥ ብርቱካን እመርጥ ነበር። የሰው ጨርቅ ባዶውን አይመለስም፤ ይሄ እኛም ጋ እነሱም ጋ አንድ ነው።

አምስተኛው ቀን

ስመለስ ከምትሸኘኝ ከጫልቱ ጋር ጊንጪ ወረድንና በአቋራጭ እነ አዴ ሌሊሴ ቤት ወጣን። ጨርቁን ከነብርቱካኑ ሰጠኋቸውና ጥፋቴን ሁሉ ዘረገፍኩ። ቅቤ መስሎኝ እንደነበር፣ ሳልፈታው እንደተሸከምኩት፣ ማታ እንደተቀየምኳቸው።

አዴ ሌሊሴ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉ። «ርቦሽ? ቋጠሮውን ይዘሽ?»

«ምነው የጾም ነው ቢሉኝ ኖሮ?»

«ምን ብዬ? ስንቅ ሰጥቼ ልመሰገን?»

ያን ጊዜ ኦቦ ፈይሳ፣ ቁጥቡ ሰው፣ አንድ ነገር ተናገሩ። «የዚያን ማታ ወንዝ ማዶ ሄዳ ነው የሠራችው። አስካለ ቤት።»

አስካለ ማን ናት ብዬ ጠየቅኩ። ጎረቤት ናት፤ ኦርቶዶክስ፤ ጾመኛ።

«የኔ ገበታ ሃያ ዓመት ቅቤ ጠጥቷል» አሉ አዴ ሌሊሴ፣ ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው። «ብታጥቢውም አይለቅም። ሙቀጫውም እንደዚያው ነው። በሱ ብሠራልሽ አንቺ አታውቂም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ አስካለ ጋ ሄጄ በሷ ገበታ አሸሁት።»

«እርስዎ እኮ አይጾሙም፣ አዴ።»

«እኔ አልጾምም» አሉ። «አንቺ ግን በቤቴ ስትጾሚ አደርሽ።»

እጃቸውን ይዤ ሳምኩት፤ እሳቸው ደግሞ ደንግጠው የኔን ሳሙ።

ከተመለስኩ በኋላ

ለሕይወት ምንም አልደበቅኩም። ቋንጣው አፌ ጋ መድረሱን ጭምር። «ወደቅሽ?» አለችኝ። «ተቀመጥኩ» አልኳት። ከተረፈው ድብልብል አንዱን ቀመሰች። በማግስቱ ከገበያ ኑግ ገዝታ መጣች፤ ሁለታችንም ስለ ቃሉ ዳግመኛ አላነሳንም።

ሆሳዕና ሳይደርስ ጫልቱ በተራዋ ልትጠይቀኝ መጣች። ስንለያይ «ሲፈታ ትበያለሽ» ብላ የሰጠችኝ ቋንጣ ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሏል። አወረድኩት። ቅቤ ከጎረቤት አስመጣሁ፣ አዲስ ድስት ገዛሁና ፍርፍር ልሠራላት ጀመርኩ። ሕይወት ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ «እማዬ! በጾም? በኛ ቤት?» አለች።

«የምጾመው እኔ ነኝ» አልኳት። «ጫልቱ አትጾምም።»

አቀረብኩላት። ጫልቱ ሰሐኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ጎረሰች። አኘከች። ዐይኗ እንባ ሞላ።

«ጨው በዝቶበታል» አለች።

«አልቀመስኩትማ።»

ውሃ በትልቁ ማሰሮ አምጥቼ አጠገቧ አስቀመጥኩ፤ ሰሐኑን እስኪያልቅ በላችው።